ጉልበተኛው ቀድሞ የሚሰናበትበት ጨዋታ፤ የካርቱን ሪያሊቲ ተወዳዳሪዎችን በምን እንመዝናቸው?

ጆተኒ ተጫውቶ የማያውቅ የፒያሳ ልጅ እንኳ ሕጉን ያውቀዋል፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀጥላል። ከረንቦላም ያው ነው። እጁ የፈጠነ ቀኑን ሙሉ ከጠረጴዛው አይነሳም፣ እጁ የሰነፈ ኪሱን ይዳብሳል። ስለዚህ «ማን ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ጆተኒ ቤት ውስጥ ብዙ አያጨቃጭቅም። ሁለቱን አጋጥሞ ማየት ይበቃል።

አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘው ስለ ካርቱን ሪያሊቲ ውድድር (ተወዳዳሪዎቹ በድምፅ እየተሰናበቱ አንድ የሚቀርበት ተከታታይ ካርቱን) የሚሟገቱ ወጣቶች ግን ክርክራቸው አያልቅም። ምክንያቱ ደግሞ የጆተኒውን ሕግ ይዘው ስለሚገቡ ነው። «እሷ ትሮጣለች፣ እሱ ክብደት ያነሳል፣ ያኛው ጭንቅላቱ ይሠራል» እየተባለ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ የደረጃ ሰንጠረዥ ይወጣል፤ ከላይ ኤስ፣ ከሥሩ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። ሰንጠረዡ የሚዘለው ዋናውን ነገር ነው። የማባረሪያው ድምፅ በማን እጅ ነው? ይህ ሳይታወቅ የማንም ጥንካሬ አይለካም። ድምፅ ሰጪው ሲቀየር ያው ክንድ፣ ያው ምላስ፣ ያው ጭንቅላት ዋጋው ይቀየራል።

ነገሩን ለማየት ቶታል ድራማ አይላንድን ያህል የሚመች የለም። ተከታታይ ካርቱኑ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 በካናዳው ቴሌቱን ጣቢያ ጀመረ። ፈጣሪዎቹ ቶም ማክጊሊስና ጄኒፈር ፐርች ናቸው፤ ያዘጋጀው ፍሬሽ ቲቪ ነው። ፍጹም ልብ ወለድ ቢሆንም አሠራሩን የወረሰው በአሜሪካ በ2000 ከጀመረው ሰርቫይቨር ከተባለው የእውነተኛ ሰዎች ውድድር ነው። 22 ጎረምሶችና ኮረዶች ዋዋናክዋ በሚባል ያረጀ ካምፕ ይወርዳሉ። አቅራቢው ክሪስ ማክሊን ይቀልድባቸዋል፣ ሼፍ ሃቸት የማይበላ ምግብ ያቀርብላቸዋል፤ በመጨረሻ የሚቀረው 100,000 ዶላር ይወስዳል።

ሕጉ እንዲህ ነው። 22ቱ 11፣ 11 ሆነው ጎፈርስና ባስ በሚባሉ ሁለት ቡድኖች ይከፈላሉ። በየክፍሉ አንድ ፈተና አለ። ያሸነፈው ቡድን ተኝቶ ያድራል። የተሸነፈው ማታ እሳት ዳር ተሰብስቦ ከራሱ አባላት አንዱን በድምፅ ያሰናብታል። የተረፉት ስማቸው እየተጠራ ማርሽሜሎ ይሰጣቸዋል። ማርሽሜሎ ያልደረሰው በእንጨቱ መተላለፊያ ሄዶ ጀልባ ላይ ይወጣል፣ አለቀ።

እዚህ ላይ ስሌቱን ልብ ማለት ይገባል። መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ቡድኑን ለማሸነፍ የሚያዋጣው ከ11 እጅ አንዱን ነው። የቱንም ያህል ቢበረታ ሌሎቹ 10 ካዘገሙ ይሸነፋል፣ ማታም እሳቱ ዳር ይቀመጣል። እሳቱ ዳር ደግሞ ቀን ያነሳው ድንጋይ አይቆጠርለትም። የሚቆጠረው ስንት ሰው እንዳስቀየመ ነው።

ቡድኖቹ እስኪዋሃዱ፣ ማለትም ሁለቱ ፈርሰው እያንዳንዱ ለራሱ መወዳደር እስኪጀምር ድረስ 12 ሰዎች ተሰናብተዋል፤ ከባስ 7፣ ከጎፈርስ 5። ከነዚህ ውስጥ በእርግጥ በድክመታቸው የወጡ አሉ። ኮዲ ድብ አግኝቶት ከጥቅም ውጭ ሆነ። ታይለር ዶሮ ፈርቶ ፈተናውን ጣለ (በእኛ ሰፈር የዶሮ ፍርሃት ይዞ በዓል ማሳለፍ ከባድ ነበር)። የቀሩትን ግን እንመልከት። መጀመሪያ የወጣው ኢዚኪየል ነው፤ ያስወጣው ወንዶች ከሴቶች ይበልጣሉ ብሎ የተናገረው ንግግር ነው። ሁለተኛዋ ኢቫ ናት፤ በጡንቻ ከ22ቱ የሚስተካከላት የለም። ሦስተኛው ኖዋ ነው፤ በአእምሮ ከቀዳሚዎቹ ነው፣ ግን ቡድኑ በኳስ ውርወራ ሲደበደብ እሱ ቁጭ ብሎ ይሳለቅ ነበር። ምላስ፣ ቁጣ፣ ንቀት። የደረጃ ሰንጠረዥ ሠሪዎች ኢቫን «ጥንካሬ 10» ብለው ከላይ ሲያስቀምጧት ከ22 ሰው 21ኛ የወጣችበትን ምክንያት ማስረዳት ያቅታቸዋል።

ታይለርም ቢሆን ሙሉ ታሪኩ ሌላ ነው። በዚያ የፍርሃት ፈተና ያልተሳካለት እሱ ብቻ አልነበረም፤ ኮርትኒም አረንጓዴ ጄሊ ውስጥ መግባት አቅቷት ነጥብ አስጥላለች። ጥፋቱ አንድ ዓይነት፣ ፍርዱ ግን ለየቅል። ኮርትኒ ቡድኑን የምትመራ፣ የምታዝዝ፣ ያለሷ ነገር የማይንቀሳቀስ የምትመስል ናት፤ ታይለር ግን ቢጎድል የሚያጎድለው አልታየም። «አስፈላጊ መስሎ መታየት» በፈተና ነጥብ ውስጥ የማይገባ፣ በድምፅ ቆጠራ ውስጥ ግን ክብደቱ ከፍተኛ የሆነ ችሎታ ነው።

ኮርትኒም በተራዋ ወጣች፤ ያውም ማንም ሳይመርጣት። ሃሮልድ ድምፁን አጭበርብሮ ነው ያስወጣት። እሷ ላይ ቂም ኖሮት አይደለም፤ የሚያሰቃየው ደንካን የሚወዳት እሷን ስለነበር እሱን ለማሳመም ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ከትንታኔ አንፃር ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ የአንድ ተወዳዳሪ ድክመት የራሱ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ የወዳጁ ጠላቶችም ሂሳቡ ውስጥ ይገባሉ።

አሁን ወደ ዋናዎቹ። አራቱ የቀሩት ሄዘር፣ ግዌን፣ ኦወንና ደንካን ናቸው። ሦስቱ ከጎፈርስ፣ አንዱ ከባስ። በእኛ ግምት በዚህ ጨዋታ ውስጥ ጨዋታውን ራሱን የተጫወተችው ሄዘር ብቻ ናት፤ ሌሎቹ ፈተናዎቹን ነው የተጫወቱት።

የሄዘር ዘዴ በአራት ነገር ይታያል። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ገና በሁለተኛው ፈተና እሷ የቡድን ጓደኞቿን ሊንዚንና ቤዝን ይዛ ኅብረት መሠረተች። 3 ድምፅ ከ11 ብዙኃን አይደለም። ነገር ግን የሌሎቹ 8 ድምፅ ለአራት ለአምስት ሰው ሲበታተን፣ አንድ ላይ የተቀመጡ 3 ድምፆች ትልቁ ክምር ይሆናሉ። ክርክር ላይ «3 ሰው ምን ያደርጋል?» የሚል ካጋጠመ መልሱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው፣ የማትመርጥበትን ድምፅ መምራቷ ነው። ኢቫ ያለችው በባላጋራው ቡድን ውስጥ ነው፤ ሄዘር እዚያ ድምፅ የላትም። ስለዚህ የኢቫን የሙዚቃ ማጫወቻ ሰረቀችባት። ኢቫ ቡድኗ ላይ አበደች፣ ቡድኗ ራሱ አስወጣት። አንድ ጡንቸኛ ባላጋራን ያለ አንድ ድምፅ ማስወገድ በዚህ ውድድር ውስጥ ከታዩት እንቅስቃሴዎች ሁሉ የላቀው ነው ብንል አልተጋነነም። ኢቫ ከውህደቱ በኋላ ስትመለስ ያው ቁጣዋ ይዟት በመጣችበት ክፍል ተመልሳ ተባረረች።

ሦስተኛው ጥንድን መስበር ነው። ቡድኖች ከተዋሃዱ በኋላ ሁለት ሰው የሚተማመን ከሆነ ሁለት የማይነጣጠል ድምፅ ነው። ግዌንና ትሬንት እንዲያ ነበሩ። ሄዘር ግዌን እያየች ትሬንትን ሳመችው። ግዌን ተቆጣች፣ ሌሎቹም አብረዋት ተቆጡ፣ ትሬንት ወጣ። ግዌን በዚያ ምሽት በገዛ እጇ ከቀራት አጥር ግማሹን አፈረሰች።

አራተኛው፣ በሰፊው ከተጠላች በኋላ ፈተና ማሸነፍ ሲያስፈልጋት ማሸነፏ ነው። ከውህደቱ በኋላ ፈተና ያሸነፈ ሰው በዚያ ምሽት በድምፅ አይነካም። ልጆቹ «ኢሚዩኒቲ» ነው የሚሉት፤ «ያለመከሰስ መብት» ብሎ መተርጎም ከአራት ኪሎው ምክር ቤት ጋር ያምታታል። በብስክሌት ውድድሩ ይህንኑ ከለላ ሄዘር አገኘች፣ ለሳምንታት የተከተለቻት ሊንዚ ደግሞ በዚያው ክፍል ወጣች።

ታዲያ ለምን 3ኛ ወጣች? ይህ የሚገባው የፍጻሜውን ሕግ ከሰርቫይቨር ጋር ላስተያየ ሰው ነው። በሰርቫይቨር መጨረሻ አሸናፊውን የሚመርጡት የተሰናበቱት ናቸው፤ ስለዚህ ተንኮለኛ ሰው ተንኮሉን ይቅር ሊያሰኝ የሚችል አንደበት ያስፈልገዋል። ቶታል ድራማ አይላንድ ግን ፍጻሜው ሩጫ ነው። በወረቀት ላይ ይህ ለሄዘር የተመቸ ነው፤ ይቅርታ አያስፈልጋትም፣ እግር ብቻ ነው። ሆኖም ደራሲዎቹ የተሰናበቱትን በጓሮ በር ሁለት ጊዜ አስገብተዋቸዋል። አንደኛው ጊዜ ተሰናባቾቹ በሚዝናኑበት መንደር ነው፤ አብዛኞቹ ሄዘር እንድትወጣ እየፈለጉ ሲጨቃጨቁ በወሬ መሃል የተጠራው የጎፈርሷ የለሾና ስም እንደ ድምፅ ተቆጥሮ እሷ ወጣች። ሁለተኛው ሦስት ሰዎች ሲቀሩ ነው። የዚያ ቀን ፈተና «ይህን ካደረግክ» የሚል ድፍረት መፈጸም ነበር፤ ድፍረቶቹን ያወጡት የተሰናበቱት ናቸው። ለሄዘር ፀጉሯን መላጨት ደረሳት። እምቢ ብላ መላጫውን ስትመታው ዞሮ ራሷ ላይ ወደቀና ላጫት። ፀጉሯም ሄደ፣ ድፍረቱን አልተቀበለችም ተብሎ ቦታዋም ሄደ።

ስሙ ዳኛ አይባል እንጂ ይህ ዳኝነት ነው። ሄዘርን «ከ22ቱ ምርጥ ተጫዋች» የሚላት ትክክል ነው፤ «ማሸነፍ ይገባት ነበር» የሚላት ግን የበደለቻቸው ሰዎች አንድ ቀን ተራ እንደሚደርሳቸው ረስቷል።

ግዌን በተቃራኒው የፈተና ሰው ናት፤ ከሁሉ በላይ የጽናት ፈተና። በእንቅልፍ መቋቋሙ ውድድር ከ20 ኪሎ ሜትር ሩጫና ሆድ እስኪቆረቁር ከተበላ ምግብ በኋላ ነቅቶ መቆየት ነበር። ሁለቱ ሲቀሩ ደንካን መፀዳጃ ቤት ገብቶ አንቀላፋ፣ ግዌን ቡድኗን አስመለጠች። ዘዴው ተራ ይመስላል፤ ሩጫውና ጥጋቡ የተሰጡት ጡንቻ ያለውን ለማድከም ነው። ስለዚህ በዚያ ፈተና ጥቅም ያለው ኃይሉን ቀስ አድርጎ የሚያወጣ ሰው ነው። በአስፈሪው ምሽትም እውነተኛውን ነፍሰ ገዳይ ደብድባ የተረፈችው እሷ ናት። ደካማ ጎኗ እምነቷ መሰበሩን እንዳየች ሳትጠይቅ መፍረዷ ነው፤ ትሬንት ላይ የሆነውን አይተናል።

ኦወንን ብዙ ሰው በዕድል የቀረ ይለዋል። እኛ እንዲህ አንለውም። ሆዳም ነው፣ ይጮኻል፣ በሆዱ አየር ያፍናቸዋል፤ ግን ከ22ቱ ማንም ሊያስወጣው ምክንያት ያላገኘለት እሱ ነው። ከነገሩ ጦም እደሩ የሚለው ኑሮ በውድድር ሲገለጽ ኦወን ይሆናል። ለማንም ሥጋት አይመስልም፣ ማንንም አይወነጅልም፣ ሁለት ጠበኞች ሲጣሉ የሁለቱም ወዳጅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በድምፅ በሚሰናበቱበት ውድድር ከጡንቻ ይልቅ ይቆያል። በመጨረሻው ሩጫ ከኋላ የጎተተውም ወደፊት የገፋውም ሆዱ ነው፤ የተጋገረ ጣፋጭ ሸቶት ተስፈንጥሮ መስመሩን አለፈ።

ደንካን ላይ ፍርዱ ብዙ ጊዜ ይዛባል። «4ኛ ወጣ» ተብሎ ከሦስቱ ሥር ይቀመጣል። ነገር ግን ከባስ 11 ሰዎች ውህደቱን ያዩት 4 ብቻ ናቸው፤ እሱ፣ ብሪጅት፣ ዲጄና ጄፍ። ከጎፈርስ 6 ተርፈዋል። ይኸውም ደንካን ቡድኑ 7 ሰው በሸኘበት ወቅት ተርፏል፣ ኦወን ደግሞ ቡድኑ 5 በሸኘበት። ከውህደቱ በኋላም እሱ ያለበት የወንዶች ኅብረት ብሪጅትን ሸኝቷል፤ ሴቶቹ ያልቻሉትን ኅብረት ወንዶቹ ቻሉ። ያለፈበት አደጋ ሲቆጠር ከኦወን በላይ ነው። ለሾና በአፍም በልብም ጠንካራ ነበረች፤ ሄዘርን በግልጽ ባላንጣ አድርጋ መያዟ ግን ስሟ በየሰው አፍ እንዲገባ አደረገ፣ በአፍ የገባ ስም ደግሞ አወጣት።

አንድ ችግር እዚህ ላይ አለ፤ ክርክሩን ሳይጀመር የሚገድል። የዚህ ውድድር ፍጻሜ ሁለት ተደርጎ ተሠርቷል። በአንዱ ኦወን ያሸንፋል፣ በሌላው ግዌን፤ የትኛው እንደሚታየው ጣቢያው የሚያስተላልፍበት አገር ይወስነዋል። በቀጣዮቹ ምዕራፎችም ልማዱ ቀጥሏል፤ በሁለተኛው ደንካን ወይም ቤዝ፣ በሦስተኛው ሄዘር ወይም አሌሃንድሮ፣ ከዚያ ካሜረን ወይም ላይትኒንግ። ስለዚህ «እሱ እኮ አሸንፏል» የሚለው ማስረጃ የሚሠራው ያ ሰው ባየው ቅጂ ብቻ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ሁለት ቅጂ አውርደው እየተሰዳደቡ ሊሆን ይችላል።

ድምፁ ወደ ተመልካች ሲዞር ሂሳቡ በሙሉ ይገለበጣል። ለዚህ ምሳሌው ባትል ፎር ድሪም አይላንድ ነው፤ ካሪና ማይክል ሁዋንግ የሚባሉ መንትዮች እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2010 ዩቲዩብ ላይ የጀመሩት። ተወዳዳሪዎቹ ሰዎች አይደሉም፤ ቅጠል፣ እሳት፣ አረፋ፣ መርፌ፣ አበባ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲጀመር 20 ነበሩ፣ ፋየሪ ማለትም እሳቱ አሸነፈ። እዚያ የሚያሰናብተው ጓደኛ ሳይሆን ተመልካች ነው፤ ሰው አስተያየት መስጫው ላይ የፈለገውን ተወዳዳሪ ፊደል ይጽፋል። በኋለኞቹ ምዕራፎች ፊደሉ በካሬ ቅንፍ ውስጥ መሆን ነበረበት፤ ቅንፉን የረሳ ሰው ድምፁ ባከነ።

የተመልካች ድምፅ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፣ ልዩነቱንም ብዙ ሰው አያስተውለውም። አንደኛው «ማን ይውጣ?» ነው። ይህ የሚቀጣው የሚጠላውን ነው፤ ማንም የማያስታውሰው ሰው በሰላም ያልፋል። ሁለተኛው «ማን ይቆይ?» ነው። ይህ የሚቀጣው የተረሳውን ነው፤ ግማሹ ሕዝብ የሚጠላው፣ ግማሹ የሚያብድለት ሰው ግን ይቆያል። እንደ ፋና ላምሮት ባሉ የዘፈን ውድድሮች ያለው የተመልካች ድምፅ ሁለተኛው ነው፤ ሰው የሚወደውን ለማቆየት መልእክት ይልካል። ኦወን በመጀመሪያው ዓይነት ሩቅ ይሄዳል፣ በሁለተኛው አያስተማምንም። ሄዘር በመጀመሪያው በጠዋቱ ትወጣለች፣ በሁለተኛው ፍጻሜ ልትደርስ ትችላለች።

ፍላወር የምትባለዋን አበባ እንመልከት። በ2010 ቁንጅናዋ እንዲወደስላት የምትጠይቅ፣ የማያሞግሳትን የምትደበድብ ነበረች። ድምፅ ሲሰጥ ከ20ዎቹ የመጀመሪያዋ ተሰናባች ሆነች። በ2017 በተጀመረው በሌላው ምዕራፍ ተመልሳ፣ በ2021 ፍጻሜው ላይ አሸነፈች። ጡንቻዋ አልጨመረም። የጨመረው ተመልካች ስለሷ የሚያውቀው ነገር ነው፤ 11 ዓመት የሚታወቅ ባለጌ፣ ትንሽ ከታረመ፣ ከማይታወቅ ጨዋ ይልቅ ድምፅ ያገኛል።

ክርክሩን በሥርዓት ለማድረግ የሚፈልግ ሰው አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃዋል። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ መስመር ይሰጠው። በመጀመሪያው ዓምድ የተሳተፈበት ክፍል ብዛት፣ በሁለተኛው ቡድኑ የተሸነፈበት ጊዜ፣ በሦስተኛው ለብቻው ያሸነፈው ፈተና፣ በአራተኛው ማርሽሜሎ በስንተኛ ደረጃ እንደተሰጠው ይሞላ። አራተኛው ዓምድ ከሁሉ ይበልጣል። ድምፅ ብዛቱ ብዙ ጊዜ ስክሪን ላይ አይነገርም፤ ክሪስ ግን ስም እየጠራ የሚሰጠው ማርሽሜሎ ቅደም ተከተል አለው፣ የመጨረሻው ማርሽሜሎ ሲቀር ሁለት ሰው እየተያየ ይቀመጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ መጨረሻ የተጠራ ሰው ቢተርፍም አደጋ ላይ እንደነበር መዝግቡ።

የተለመደው ስህተት የቡድንን ድል ለግለሰብ መቁጠር ነው። ጎፈርስ አሸነፈ ማለት ሊንዚ አሸነፈች ማለት አይደለም። ሁለተኛው ስህተት ድምርን ከድምር ማወዳደር ነው፤ ኖዋ ጥቂት ክፍል ነው የቆየው፣ ድምሩን ከግዌን ጋር ማስተያየት የአንድ ሳምንት ተማሪን ውጤት ከዓመት ተማሪ ጋር ማስተያየት ይሆናል። ለተሳተፈበት ክፍል ብዛት ማካፈል ይገባል። ሦስተኛው ስህተት ደግሞ የኑዛዜውን ጊዜ አለመቁጠር ነው። በቶታል ድራማ ተወዳዳሪዎች ብቻቸውን ሆነው ለካሜራ የሚናዘዙት በእንጨት መፀዳጃ ቤት ውስጥ ነው። በአንድ ክፍል እዚያ ደጋግሞ የሚገባ ሰው ደራሲው ታሪክ እየሠራለት ነው፤ ኑዛዜ ላይ ለብዙ ጊዜ ያልታየ ሰው ሲወጣ ማንም አይደነቅም። ካርቱን ነውና ከቡድኑና ከተመልካቹ በፊት ድምፅ የሰጠው ደራሲው ነው፤ ደራሲ ደግሞ ተመልካች የሚጠላውን ሰው በመጀመሪያው ሳምንት አያባርርም፣ ያለሱ ክፍሉ ይቀዘቅዝበታል። ሄዘር እስከ 3ኛ የቆየችበት ምክንያት ግማሹ ብልኅነቷ ከሆነ ግማሹ ይኸው ነው።

አምስተኛ ዓምድ ይጨመርና ራስጌው ላይ «የትኛው ቅጂ» ተብሎ ይጻፍ። ጓደኛዎ ሄዘርን የሦስተኛው ምዕራፍ አሸናፊ ብሎ ካስገባ፣ እርስዎ ደግሞ አሌሃንድሮን፣ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ መስመሩ ሁለት ተደርጎ ይከፈል።